የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ በጆሮ የሚለዩት፣ በትርጉም የሚለዩት፣ በዓይን የሚለዩት

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ተነስታችሁ እስከ መጋላ ብትሄዱ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ታፔላ ላይ ‘ስቴሽነሪ’ የሚለውን ቃል በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንደኛው ወረቀትና እስክሪብቶ ማለት ነው። ሌላው ‘ከቦታው የማይንቀሳቀስ’ ማለት ነው። ስልኩም ኮምፒዩተሩም ከሥሩ ቀይ መስመር አያሰምርበትም። ሁለቱም መዝገበ ቃላት ውስጥ ያሉ ትክክለኛ ቃላት ናቸውና። ስለዚህ ስህተቱ በማንም ሳይያዝ ያልፋል፤ የሚያገኘው ታፔላውን የሚያነበው ሰው ነው።

እንዲህ ዓይነት ጥንዶች ብዙ ናቸው። የሥራ ማመልከቻ ላይ አሉ። የሆቴል ሜኑ ላይ አሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ደብተር ላይም ሞልተዋል። ሐረር ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያስጎበኝ ልጅ ደግሞ በየቀኑ በአፉ ይጋፈጣቸዋል።

በኢንተርኔት የምናገኛቸው ዝርዝሮች በአብዛኛው የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱ ሰዎች ነው። እነሱን የሚያምታታቸውና እኛን የሚያምታታን ግን አንድ አይደለም። ለንደን የተወለደ ልጅ ‘መርከብ’ እና ‘በግ’ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት በጭራሽ አያደባልቅም። እኛ እናደባልቃለን። በተቃራኒው እሱ በጆሮው ብቻ ስለለመዳቸው ሲጽፍ የሚሳሳትባቸው ቃላት አሉ፤ ሰዋስው በደብተር የተማረ የኛ ተማሪ እነዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ስለዚህ ከመሸምደድ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያዋጣል። እነዚህ ሁለት ቃላት አንድ የሚመስሉት ለማን ነው? ለኛ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ማሠልጠን ያለብን ጆሯችንን ነው። ለሁሉም ሰው ጆሮ አንድ ከሆኑ፣ ስንት ጊዜ ብታዳምጧቸው ለውጥ የለም፤ የሚለያቸው ትርጉማቸውና ፊደላቸው ነው። ድምፃቸው ተለያይቶ መልካቸው ብቻ ከተመሳሰለ ደግሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል።

ከዚህ በታች የላቲን ፊደላቱን በስማቸው ነው የምጠራቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያልኩ።

ለኛ ጆሮ ብቻ አንድ የሆኑት

ቅድሚያ የምሰጠው ለነዚህ ነው። ብዙ ጉዳት የሚያደርሱት እነሱ ናቸውና።

‘ድሬዳዋ ነው የምኖረው’ ለማለት ፈልጎ ‘ድሬዳዋን እለቃለሁ’ የሚል ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው። መኖር እና መልቀቅ በእንግሊዝኛ የሚለያዩት በአንድ አናባቢ ነው። በአማርኛ ስንጽፋቸው ሁለቱንም ‘ሊቭ’ እንላቸዋለን። ግራ መጋባቱም እዚህ ይጀምራል። የራሳችን ፊደል ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ይሰጠናል። አጭሩን በሳድስ፣ ረጅሙን በሣልስ ጻፉት። መኖር ‘ልቭ’ ነው፤ መልቀቅ ‘ሊቭ’ ነው። መርከብ ‘ሽፕ’፣ በግ ‘ሺፕ’። መሙላት ‘ፍል’፣ መሰማት ‘ፊል’። መቀመጥ ‘ስት’፣ መቀመጫው ወንበር ‘ሲት’። መምታት ‘ህት’፣ የድሬዳዋ ሙቀት ‘ሂት’።

ሳድሳችን የእንግሊዝኛውን አጭር ድምፅ አይተካም። ለእሱ ምላስ ትንሽ ወደ ፊት መምጣት አለበት። ግን ከ‘ሊ’ ይልቅ ለ‘ል’ በጣም ይቀርባል፤ ዋናው ነገር ደግሞ ሁለቱ እንዳይደባለቁ መሆኑ ነው። ረጅሙን ስትሉ ከንፈራችሁ ወደ ጎን እንደ ፈገግታ ይሳባል። አጭሩን ስትሉ ከንፈር ዘና ይላል። መስታወት ፊት ቆማችሁ ብትሞክሩት ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ የድሬና የሐረር ልጅ ከሌላው አገር ልጅ የተሻለ ዕድል አለው። አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው የለመደው ተነባቢ ሲጠብቅና ሲላላ መለየት ነው። ‘ገና’ ሲላላ ‘ጊዜው አልደረሰም’ ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። አናባቢን በርዝመት መለየት ግን አማርኛ አይጠይቀውም። አፋን ኦሮሞ ይጠይቃል። ‘ላፋ’ የሚለው በአጭር አናባቢ መሬት ነው፤ አናባቢው ሲረዝም ለስላሳ ማለት ይሆናል። በቁቤ ሲጻፍ ረጅሙ አናባቢ የሚደገመውም ለዚህ ነው። ሶማሊኛም እንዲሁ አጭሩንና ረጅሙን አናባቢ ይለያል፤ ሲጽፍም ረጅሙን ይደግማል። ሰፈር ውስጥ ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱን እየሰማ ያደገ ልጅ ጆሮው ተዘጋጅቷል። የጎደለው፣ ያንኑ ጆሮ እንግሊዝኛ ላይ እንዲጠቀምበት የሚነግረው ሰው ነው። መምህራን ይህን ነገር ክፍል ውስጥ ቢጠቀሙበት በጣም ደስ ይለኛል።

ለሆቴል ሠራተኞች ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነገር አለ። አንሶላ በእንግሊዝኛ ‘ሺት’ ነው፤ ረዘም፣ ሳብ ተደርጎ። ካሳጠራችሁት ጸያፍ ቃል ይሆናል። የባሕር ዳርቻ የሚለው ‘ቢች’ም እንደዚሁ ነው፤ ሲያጥር ሴትን መስደቢያ ነው። ‘አንሶላ ልቀይርልዎት?’ ብላችሁ እንግዳ ፊት ላይ ድንጋጤ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ከሌሎቹ ሁሉ በፊት ተለማመዷቸው።

ሌላው የጆሮ ችግር ‘ቲ ኤች’ ነው። ‘ሦስት’ ለማለት ‘ትሪ’ ስንል የተናገርነው ዛፍ ነው። ‘ማሰብ’ ለማለት ‘ሲንክ’ ስንል መስመጥ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ሆኗል። አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይህ ድምፅ የላቸውም። አረብኛ ግን አለው። ከአሊፍ ስንቆጥር አራተኛዋ ፊደል፣ ከ‘ታ’ ቀጥላ የምትመጣው፣ የምላስ ጫፍ በላይና በታች ጥርስ መካከል ብቅ ብላ ነው የምትነገረው። ‘ሦስት’ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚጀምረው በዚችው ድምፅ ነው። ከ‘ዳል’ ቀጥላ የምትመጣው ዘጠነኛዋ ፊደል ደግሞ ‘ይህ’ እና ‘ያ’ በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መጀመሪያ ያለችው ናት። ቁርአን በሥርዓቱ የቀራ ሰው እነዚህን ድምፆች አስተካክሎ ያወጣል። እንግሊዝኛ ሲያወራ ለምን ይተዋቸዋል? ያልቀራው ደግሞ ከጎረቤቱ ይማር፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ሰው አፍ ላይ ማየት ይቀላል።

ከቁጥሮች ‘ፊፍቲን’ እና ‘ፊፍቲ’ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ናቸው። 15 እና 50። 13 እና 30፣ 14 እና 40 እስከ 19 እና 90 ድረስ ችግሩ ያው ነው። የተለመደው ምክር ‘ቲን’ የሚለውን አጠንክሩት ነው። እውነት ነው፤ ቁጥሩ ለብቻው ሲነገር በ‘ቲን’ የሚያልቀው መጨረሻው ላይ ይጠነክራል፣ በ‘ቲ’ የሚያልቀው መጀመሪያው ላይ። ነገር ግን ከኋላው ሌላ ቃል ሲከተል፣ ለምሳሌ ‘15 ብር’ ሲባል፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ጥንካሬውን ወደ መጀመሪያው ያመጡታል። ስለዚህ በዋጋ ጉዳይ በዚህ ምክር ብቻ አትተማመኑ። ቀፊራ ገበያ ላይም ሆነ ጀጎል በር ላይ፣ ከእንግዳ ጋር ስትነጋገሩ ቁጥሩን ከተናገራችሁ በኋላ በተናጠል ድገሙት፦ ‘ዋን ፋይቭ’ ወይም ‘ፋይቭ ዚሮ’። ወይም ስልክ ላይ ጽፋችሁ አሳዩ።

በ‘ስ’ እና በ‘ዝ’ የሚለያዩት

እነዚህ ቀላል ናቸው። ፊደላችን በትክክል ይይዛቸዋል። ‘ፕራይስ’ ዋጋ ነው፤ ‘ፕራይዝ’ ሽልማት። ‘አድቫይስ’ ምክር፤ ‘አድቫይዝ’ መምከር። የመጀመሪያው ስም፣ ሁለተኛው ግሥ። ‘አድቫይስ’ ላይ የብዙ ቁጥር ‘ኤስ’ አይጨመርም፤ ምክሩ አሥርም ቢሆን።

‘ሉስ’ የላላ፣ ሰፊ ማለት ነው። ‘ሉዝ’ ማጣት፣ መሸነፍ። ሲጻፍ ሰፊው ሁለት ‘ኦ’ አለው፤ ማጣት የሚለው አንዱ ጠፍቶበታል። ኳስ ጨዋታ ላይ አስተያየት የሚጽፉ ወጣቶች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ‘ተሸነፍን’ ለማለት ‘ላላን’ ብለው ይጽፋሉ።

ለማንም ጆሮ አንድ የሆኑት

እዚህ ድምፅን ተዉት። እንግሊዙም በጆሮው አይለያቸውም። የሚያስፈልገን ትርጉሙን ከፊደሉ ጋር የሚያስር ገመድ ነው። ገመዱ ከአማርኛ ቢሆን የበለጠ ይይዛል ባይ ነኝ። እንግሊዞቹ ርእሰ መምህርን ለማስታወስ በቃሉ መጨረሻ ያለውን ‘ፓል’፣ ጓደኛ የሚለውን የራሳቸውን ቃል ይጠቀማሉ። እኛ ምን በወጣን? ‘ፕሪንሲፓል’ ሲጨርስ ‘ኤ ኤል’ ነው። ‘አለቃ’ ሲጀምር አ እና ለ ነው። አለቃ ያለበት ርእሰ መምህሩ ነው፤ የሌለበት፣ በ‘ኤል ኢ’ የሚያልቀው፣ መርህ ነው። ባንክ ብድር ስትዋዋሉ ከወለዱ ተለይቶ ዋናው ገንዘብ የሚጠራውም በአለቃው አጻጻፍ ነው።

ወደ ‘ስቴሽነሪ’ ልመለስ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጽሐፍና ወረቀት የሚሸጥ፣ እየዞረ ሳይሆን ቋሚ ቦታ ይዞ የሚነግድ ሰው ‘ስቴሽነር’ ይባል ነበር። ስለዚህ ‘የማይንቀሳቀስ’ እና ‘የጽሕፈት መሣሪያ’ ሥራቸው አንድ ነው፤ መምታታታቸው አይገርምም። ነጋዴው ግን ሰው ነው። እንደ ‘ቲቸር’፣ እንደ ‘ድራይቨር’ በ‘ኢ አር’ ያልቃል። እሱ ላይ ‘ዋይ’ ስትጨምሩ ሸቀጡ ይሆናል። የሱቁ በ‘ኢ’፣ የቆመው በ‘ኤ’። ታፔላ ለምትጽፉ ሰዎች፣ ቀለም ከመንከራችሁ በፊት ይችን አንድ ፊደል ብቻ አረጋግጡ። ደንበኛው ወረቀት ላይ የሰጣችሁ አጻጻፍ ስህተት ከሆነም ንገሩት፤ ለዓመታት የሚሰቀል ነገር ነው።

‘ፍላወር’ አበባም ነው፣ ዱቄትም። የአበባው ውስጡ ‘ደብሊው’ አለው። ደብሊው ‘ው’ ነው፤ ‘ው’ ለውበት። የዱቄቱ ‘ዩ’ ነው ያለው። ሁለቱ በመጀመሪያ አንድ ቃል ነበሩ። ጥሩው ዱቄት የእህሉ አበባ፣ ማለትም ምርጡ ክፍል ነው ተብሎ ነው ስሙን ያገኘው። አጻጻፋቸው የተለያየው በኋላ ነው።

‘ብሬክ’ የባጃጁ ፍሬን በ‘ኬ ኢ’ ያልቃል። መስበር ወይም እረፍት የሚለው በ‘ኢ ኤ ኬ’ ያልቃል። ይህን ለማስታወስ ‘ብሬክፋስት’ የሚለውን የሜኑ ቃል አስቡ፤ ጾም መስበር ነው። የቁርሱ ‘ብሬክ’ እና የመስበሩ ‘ብሬክ’ አንድ ነው። ጋራዥ ታፔላ ላይ የቁርሱን ከጻፋችሁ ‘መኪና እንሰብራለን’ የሚል ሊመስል ይችላል።

በረሃ እና ጣፋጭ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አንድ ድምፅ የላቸውም። ‘ዴዘርት’ በረሃው መጀመሪያው ላይ ይጠነክራል። ጣፋጩ ‘ዲዘርት’ መጨረሻው ላይ። ሲጻፉ በአንድ ‘ኤስ’ ይለያያሉ። ትርፏን ‘ኤስ’ ስኳር በሏት። ከምግብ በኋላ የሚመጣው ስኳር የተጨመረበት ነው። ከድሬዳዋ ወደ ጂቡቲ የሚወስደው በረሃ ስኳር የለውም።

እንግሊዝኛ ለምን እንዲህ ሆነ የሚል ጥያቄ ተማሪዎች ሁልጊዜ ያነሳሉ። መልስ አለው። ዊልያም ካክስተን እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያውን ማተሚያ የተከለው በ1476 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ከዚያ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ። አነጋገሩ ግን እየተለወጠ ነበር። በግምት ከ1400 እስከ 1700 ድረስ የቋንቋው ረጃጅም አናባቢዎች ቦታ ቀየሩ። ‘ሚት’ የሚባለው ሥጋ እና ‘ሚት’ የሚባለው መገናኘት ድሮ በድምፅም የተለያዩ ነበሩ። ዛሬ የቀረው የፊደል ልዩነት የዚያ ዘመን ምልክት ነው። በኛም ‘ሠ’ እና ‘ሰ’ በጥንት ግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ‘ሠረቀ’ ፀሐይ ወጣች ሲሆን፣ ‘ሰረቀ’ የሌባው ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ እንደ ተንኮል አያየውም። (ሥጋን ለመለየት ደግሞ፣ ውስጡ ‘ኢት’፣ መብላት የሚለው ቃል በሙሉ አለ።)

ትንንሾቹ ቃላት

‘ኢትስ’፣ ‘ዩር’፣ ‘ዜር’። አጫጭር ናቸው፣ ግን ማመልከቻን የሚያበላሹ እነሱ ናቸው። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ፈተና አለ። አፖስትሮፊዋ፣ ከፊደል ራስጌ የምትቀመጠው ትንሿ ጭረት፣ እዚህ የወደቀ ፊደል ምልክት ናት። ስለዚህ ዘርግታችሁ አንብቡት። ‘ኢት ኢዝ’ ወይም ‘ኢት ሃዝ’ ብላችሁ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ከሰጠ አፖስትሮፊ ይግባ። ካልሰጠ አይግባ። ‘ዩ አር’፣ ‘ዜይ አር’ም እንዲሁ። እነዚህ የባለቤትነት ተውላጠ ስሞች ላይ አፖስትሮፊ የለም፤ የ‘እሱ’ም፣ የ‘እሷ’ም የላቸውም። ‘የከተማዋ በሮች’ ስትሉ ከ‘ከተማዋ’ ጀርባ አፖስትሮፊ ይገባል፤ ‘የእሷ በሮች’ ስትሉ ግን አይገባም።

‘እዚያ’ የሚለው ‘ዜር’ ውስጡ ‘ሂር’፣ እዚህ የሚለው ቃል አለ። ‘ዌር’፣ የት የሚለውም እንዲሁ። ሦስቱም የቦታ ዘመዳሞች ናቸው። ‘ሂር’ም አፖስትሮፊም የሌለበት ‘ዜር’ ‘የእነሱ’ ማለት ነው።

መልካቸው ብቻ የሚመሳሰለው

እዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ‘ኳየት’ ጸጥታ፣ ‘ኳይት’ በጣም። ‘ዳያሪ’ የቀን ማስታወሻ፣ ‘ዴሪ’ የወተት ውጤት። ‘ኤንጀል’ መልአክ፣ ‘አንግል’ ማዕዘን። በዓይን ከሮጣችሁ ያምታታሉ፤ ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁ ወዲያው ይለያያሉ። ድርጅታችሁን ‘መልአክ’ ብላችሁ ለመሰየም ካሰባችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት ቅደም ተከተል እዩ። ‘ኢ ኤል’ ነው መልአኩ።

በ‘ኤ’ እና በ‘ኢ’ የሚጀምሩት

‘አክሴፕት’ መቀበል ነው። አ ለ‘አዎ’። ‘ኤክሴፕት’ በስተቀር ነው፤ በር ላይ ‘ኤግዚት’ ተብሎ እንደሚጻፈው መውጫ በ‘ኢ ኤክስ’ ይጀምራል። ከቁጥር የወጣ ማለት ነው።

‘አፌክት’ እና ‘ኢፌክት’ የሁሉም ራስ ምታት ናቸው። ለዕለት ጽሑፍ ይህ ይበቃል፦ ‘አደረገ’፣ ‘አወከ’፣ ‘አዛባ’ የሚሉት ግሦቻችን በ‘አ’ እንደሚጀምሩ፣ ግሡም በ‘ኤ’ ነው። ስሙ፣ ውጤት የሚለው፣ በ‘ኢ’ ነው። ከፊቱ ‘ዘ’ ወይም ‘አን’ ካለ በ‘ኢ’ ጻፉት። በ‘ኢ’ የሚጀምረው አልፎ አልፎ ግሥ ሆኖ ‘ተግባራዊ ማድረግ’ ማለት ይሆናል። እሱን ለኋላ ተዉት፤ ከሱ ይልቅ ‘ልቭ’ እና ‘ሊቭ’ ላይ የምታጠፉት ጊዜ ይክሳችኋል።

በምን እንለማመድ?

ሦስት ነገር እጃችን ላይ አለ፤ የስልክ መዝገበ ቃላት፣ የስልክ የድምፅ መጻፊያ እና ደብተር። መዝገበ ቃላቱ የሚያነብላችሁ ነው፤ ለመጀመሪያው ትውውቅ ጥሩ ነው። የድምፅ መጻፊያው ግን ለጆሮ ጥንዶች ይበልጣል። ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጋችሁ አንዱን ቃል ብቻ ተናገሩ፤ ‘በግ’ ብላችሁ ‘መርከብ’ ከጻፈ አናባቢያችሁ አጥሯል ማለት ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትናገሩለት። ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ከአገባቡ ገምቶ ያርማችኋል፤ ስህተታችሁንም አታዩትም።

ለማንም ጆሮ አንድ ለሆኑት የድምፅ መጻፊያ አያግዝም። ለነሱ ደብተር ነው። የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከሰፈራችሁ፣ ከሥራችሁ። ቃሏን ባዶ ትታችሁ ማታ ላይ ሙሏት። ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ደብተር ተለዋወጡ፤ የራሱን ስህተት ያላየ ዓይን የሌላውን ቶሎ ያያል።